«ተመችቶሻል» ሲሉኝ

(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ፤ ተቀምጬ ነው የምናገረው። አዘጋጆቹ ማይክራፎኑን በቁመቴ ልክ አስተካክለውልኝ ነበር። ወንበር አምጡልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ስጨርስ ትረዱታላችሁ።

ከኮሚቴው የደወለልኝ ጓደኛችን «ስለ ሥራሽ፣ ስለ ስኬትሽ ትንሽ ታወሪልናለሽ» ነበር ያለኝ። እሺ አልኩ። ማታ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። ካለፉት ስድስት ዓመታት ከሥራዬም ከቤቴም በላይ ጊዜዬን የወሰደው ድካም ነው። ስለዚህ ስለ ድካም ልናገር።

ድካም ስል ሁላችንም የምናውቀውን ማለቴ አይደለም። ኢንተርን ሆነን ሌሊቱን ቆመን አድረን፣ ጠዋት ራውንድ ላይ ግድግዳ ተደግፈን የምናንቀላፋውን ድካም እንቅልፍ ያክመዋል። ስምንት ሰዓት ተኝተሽ ስትነሺ ሰው ትሆኛለሽ። የእኔው ግን ተኝቼ ስነሳ አብሮኝ የሚነሳ ነው። ጥርሴን ፍቄ አልጋው ጫፍ ላይ አረፍ እላለሁ፤ ቀሚሴን ለብሼ እንደገና አረፍ እላለሁ። ጸጉሬን ለማበጠር ክንዴን ማንሳት ራሱን የቻለ ሥራ የሆነበት ጊዜ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. በደረቅ ሳል ነው። የሕፃናት ሐኪም ነኝና ሳል አያስደነግጠኝም፤ ከልጆቹ ይዤው ነው ብዬ ተውኩት። ሦስት ወር ሲሞላው ደረት ራጅ ተነሳሁ። በሁለቱም ሳንባዎች ሥር ያሉት ንፍፊቶች አብጠዋል። በአገራችን እንዲህ ያለ ራጅ ያየ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢን ነው፤ ማሰብም አለበት። የጂን ኤክስፐርት ምርመራው ምንም ባያሳይም የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩ። ሁለት ወር በታማኝነት ዋጥኩ። ሳሉም ድካሙም ንፍፊቱም እንደነበሩ አሉ። በመጨረሻ አንገቴ ላይ ካበጠው ንፍፊት ናሙና ተወሰደ። ግራኑሎማ አለ፤ በመካከሉ ግን በቲቢ ላይ የምናየው፣ አይብ የመሰለው ሙት ሥጋ የለም፤ ጀርሙም የለም። ሳርኮይዶሲስ ተባለ። የሰውነታችን መከላከያ ምክንያቱ በውል ባልታወቀ ሁኔታ ተቆጥቶ፣ በሳንባና በንፍፊት፣ አንዳንዴም በዓይን፣ በቆዳ ወይም በልብ ላይ እንዲህ ያሉ ትንንሽ እባጮች የሚሠራበት በሽታ ነው።

ሕክምናው ፕሬድኒሶሎን ነው። በቀን 40 ሚሊግራም ጀመርኩ። ስለ ስቴሮይድ ሳስተምር ሁሌ የምነግራቸው ታሪክ አለኝ። በ1948 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ሄንች የተባለ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም፣ መገጣጠሚያዋ ታስሮ መንቀሳቀስ ላቃታት ሴት ኮርቲዞን ሲሰጣት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። በሁለት ዓመቱ ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። መድኃኒቱ ብዙ ሳይቆይ የሚያስከፍለውን ዋጋም አሳየ። ይህን የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ለተማሪዎች ስነግር በችኮላ ነበር የማልፈው። ደወሉ ሊደወል ሲል የሚነገር ነገር ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግሩም ነበሩ። ሳሉ ጠፋ። ጉልበት መጣ፤ የራሴ ያልሆነ ጉልበት ግን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ ቁም ሳጥን አራግፌ አጥፌ እደረድራለሁ፤ አንድ ሌሊት ቡና ልቆላ ስነሳ ባለቤቴ «ደህና ነሽ ግን?» አለኝ። ከዚያ ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የአገራችን ሰው ደግነት የጀመረው። «ተመችቶሻል!» «አምሮብሻል፣ ምን አግኝተሽ ነው?» ባለቤቴም አልቀረለት፤ «ምን ቢያበላት ነው?» እያሉ ያሞግሱት ጀመር። ሰው በሳኩበት ወራት «ከሳሽ፣ ምነው?» ያላሉኝ ሁሉ፣ ታምሜ ባበጥኩ ጊዜ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። በሠርግና በለቅሶ ቤት «የለም፣ መድኃኒት ነው» ማለት ሰለቸኝ። ፈገግ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ጀመርኩ። እንዲህ ስል ስል ድካሜን የሚያምነኝ ሰው አጣሁ። ፊቷ እንደ ጨረቃ የሞላ ሴት ደከመኝ ብትል ማን ይሰማታል?

ድካሙ ግን ተመልሶ መጥቷል። የሚያስገርመው ይሄ ነው፤ ራጁ እየጸዳ፣ ሳሉ ጠፍቶ፣ ድካሙ ብሷል። አንድ ቀን ትንሽ ልጅ ልመረምር ቁጢጥ ብዬ መነሳት አቃተኝ፤ የልጁ አልጋ ብረት ይዤ ነው የተነሳሁት። ስቴሮይድ የጭንና የትከሻን ጡንቻ ያሰልላል። አንብቤዋለሁ፣ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። በራሴ ጭን ላይ ሲደርስ ግን አላወቅሁትም።

ቀስ እያልኩ የገባኝ ነገር ድካም ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ብዙ ነገር መሆኑ ነው። የበሽታው ድካም አለ፤ ቁጣው ከበረደ በኋላም ወራት አልፎ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ እንቅልፍ ነስቶ የሚያመጣው አለ። የጡንቻው አለ። ስቴሮይድ የደም ስኳርን ከፍ አድርጎ የሚያመጣው አለ። የመንፈስ ጭንቀትም አለበት፤ ይህን እኛ ሐኪሞች ለራሳችን ስንናገር እናፍራለን። መጠኑ ሲቀነስ የሚመጣው ደግሞ ለብቻው ነው፤ አንዳንዱም አደገኛ ነው።

የእሱን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ያሳፍረኛል። በአምስተኛው ወር፣ 15 ሚሊግራም ላይ እያለሁ፣ የታናሽ እህቴ ሠርግ ደረሰ። ያሰፋሁት ቀሚስ እምቢ አለኝ። ፎቶው ላይ በዚያ ፊት መታየት አልፈለግሁም። መድኃኒቱን አቆምኩ። ቀስ ብዬ አልቀነስኩም፣ አቆምኩ። በአራተኛው ቀን፣ ሽንኩርት እየተከተፈ፣ ሴቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ እያለ፣ አስመለሰኝ፤ ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። እማዬ «የሰው ዓይን ነው» ብላ ጠበል ስትረጨኝ ትዝ ይለኛል። ሆስፒታል ስደርስ የደም ግፊቴ ወርዶ ነበር። ተረኛው ሐኪም እኔ ራሴ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊግራም በደም ሥር ሰጠኝ፣ ግሉኮስ ሰጠልኝና «ዶክተር፣ መድኃኒት አቁመሽ ነበር እንዴ?» አለኝ። አዎ ማለት ከመውደቁ ይልቅ ከበደኝ።

የሕክምና ሰዎች ላልሆናችሁ ላስረዳ። ከኩላሊቶቻችን በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል ያመርታሉ። በየቀኑ የሚያመርቱት በፕሬድኒሶሎን ሲሰላ 5 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ከውጭ ከዚያ በላይ ለሳምንታት ሲገባ ዕጢዎቹ ሥራ ፈትተው ይተኛሉ። ድንገት ካቋረጥሽው፣ ለመንቃት ወራት ሊፈጅባቸው ስለሚችል፣ በመሃል ሰውነት ያለ ኮርቲሶል ይቀራል። ስቴሮይድ ላይ ያለ ሰው ከባድ ትኩሳት ሲይዘው ወይም ቀዶ ሕክምና ሲኖረው መጠኑ መጨመር ያለበትም ለዚሁ ነው። ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ «ስቴሮይድ እወስዳለሁ» የሚል ካርድ አለ፤ ከመታወቂያዬ ጀርባ።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ዝም ብዬ ሠራሁ። እስከዚያች ሌሊት ድረስ። ተረኛ ነኝ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ለአንድ ጨቅላ ጄንታማይሲን አዘዝኩ። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ዶክተር፣ ይቺን ደግመሽ ብታያት» አለችኝ። ነጥቧን ያለ ቦታዋ አስቀምጫታለሁ፤ አሥር እጥፍ። ሕፃኑ ምንም አልሆነም፤ መድኃኒቱ አልደረሰውም። እኔ ግን እስኪነጋ ድረስ ቁጭ ብዬ ያንን ወረቀት አየሁት።

ጠዋት ኃላፊዬ ዘንድ ገብቼ ለጊዜው ከሌሊት ተራ እንድወጣ ጠየቅሁ። «ሁላችንም እኮ ይደክመናል» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በዚያ ሳምንት ሁለት ሐኪም የጎደለው ሰው ነው። የሕክምና ወረቀቴን አይቶ እንኳ «ራጅሽ ንጹሕ ነው ይላል» ነበር ያለኝ። በራጅ የማይታይ ነገር በእኛ ሙያ የለም ማለት ነው። ፈቃዱን ለማግኘት አራት ወር ፈጀ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ክፍል የምትመሩ፣ ሆስፒታል የምታስተዳድሩ ብዙ ናችሁ። ሰው ደከመኝ ብሎ በራችሁን ሲያንኳኳ፣ ቢያንስ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠይቁት። ምክንያቱም ያቺ ነርስ ሁልጊዜ ተረኛ አትሆንም።

ምን ረዳሽ ለምትሉኝ፦ መጀመሪያ ሐኪሜ ድካሙን እንደ ራሱ በሽታ ቆጥሮ ፈለገው። ደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ እንቅልፍ፣ ሁሉም ታየ። ሜቶትሬክሴት ተጨመረልኝና ፕሬድኒሶሎኑ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 5 ሚሊግራም ወረደ። አሁንም እዚያ ላይ ነኝ። የምውጠው ጠዋት በአንድ ጊዜ ነው፣ ምግብ ቀምሼ፤ ማታ የተዋጠ እንቅልፍ ይነሳልና። ጾም ሲሆን የንስሐ አባቴን አማክሬያለሁ፤ እንደፈራሁት አልተቆጡኝም። ከባድ ሥራዬን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ አደረግሁት። ልጆችን ተቀምጬ እመረምራለሁ። በቀን ሃያ ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ባልፈልግም እሄዳለሁ፤ በመጀመሪያው ወር አምስት ደቂቃ ነበረች። በጣም ከባዱ ግን ደህና በሆንኩበት ቀን አለመሥራት ነው። ደህና ቀን ስትመጣ የሳምንቱን ሥራ ሁሉ እጭንባት ነበር፤ በማግስቱ ሁለት ቀን እተኛለሁ።

ምክር ሰጪም አልጠፋም። «ቫይታሚን ዲ ዋጪ፣ ፀሐይ ሙቂ» ያላለኝ ሰው የለም። በሳርኮይዶሲስ ላይ ግን እነዚያ እባጮች ራሳቸው ቫይታሚን ዲን ወደሚሠራው ዓይነት ስለሚለውጡት፣ ካልሲየም በደም ውስጥ ከልክ ሊያልፍ ይችላል፤ ሳይመረመሩ መዋጥ ጉዳት አለው። አጥሚቱን ግን ከእማዬ ተቀብያለሁ። ለባልደረቦቼ ደግሞ አንዲት ነገር፦ በእኛ አገር ስቴሮይድ ከመጀመራችሁ በፊት ቲቢን ብቻ ሳይሆን ስትሮንጂሎይድስንም አስቡ። ለዓመታት ዝም ብሎ የኖረ ትል በስቴሮይድ ሥር ሰው ሊገድል ይችላል።

አሁን ወደ አንዲት እናት ልመለስ። ሳልታመም በፊት ነው፤ ልጇ ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ያለበት፣ የስምንት ዓመት ልጅ። ፕሬድኒሶሎን ያዘዝኩለት እኔ ነኝ። እብጠቱ ጠፋ፣ ሽንቱ ላይ ይወርድ የነበረው ፕሮቲን ቆመ። ካርዱን ይዤ «እናት፣ ልጅሽ በጣም ጥሩ ነው» አልኳት። እሷም «ጥሩ ነው ትያለሽ ዶክተር፣ እሱ ግን ኳስ ሜዳው ዳር ቁጭ ብሎ ነው ሌሎቹን የሚያያቸው» አለችኝ። «ፊቱም ሞልቷል፣ አይዞሽ» አልኳትና የሚቀጥለውን ተራ ጠራሁ። እኔም ተመችቶሃል ብዬዋለሁ እኮ!

ይህቺን ሴት የአልጋውን ብረት ይዤ በተነሳሁበት ቀን ነው ያስታወስኳት። ልጁ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ አላገኘሁትም። ዛሬ ስቴሮይድ የሚወስድ ልጅ ሲመጣብኝ ካርዱን ከመክፈቴ በፊት «ትናንት ምን ተጫወትክ?» እለዋለሁ። መልሱ ሲዘገይ እናቱን አያለሁ። ደረጃ ሲወጣ ያስቸግረዋል ወይ፣ ሌሊት ይተኛል ወይ፣ ከመሬት ሲነሳ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል ወይ እላታለሁ። ወረፋው ይረዝማል፣ ውጭ የሚጠብቁት ያጉረመርማሉ። ይጠብቁ።

እንግዲህ ሰዓቴ ደርሷል። ከምሳ በኋላ የግቢ ጉብኝት አለ ተብሏል፤ እኔን አትጠብቁኝ፣ መኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት እተኛለሁ። የቡድን ፎቶው 10 ሰዓት ላይ ነው አይደል? እሱ ላይ አለሁ። ከፊት ረድፍ፣ ወንበር ላይ አስቀምጡኝ።