ጋራው ሲቃጠል አፈሩ ወዴት ይሄዳል?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በበጋ ማታ ከአሰላ ሆነን ወደ ጭላሎ ቀና ስንል አንዳንዴ እሳት ይታየናል። አስታ ነው የሚነደው። «የእረኛ እሳት ነው፣ ይጠፋል» ብለን እንተኛለን። እውነት ነው፣ ይጠፋል። የዛሬው ንግግሬ ግን ከጠፋ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

እንደሚታወቀው ጭላሎ፣ ጋላማና ካካ በ2011 እ.ኤ.አ. በተከለለው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው፤ የሕዝብ ሀብት ናቸው። እረኛውም አስታውን የሚያቃጥለው በክፋት አይደለም። ያረጀውን ከብት አይበላውም፤ ከተቃጠለ በኋላ ለጋ ቀንበጥና ሣር ይወጣል።

ችግሩ ግን እሳቱ የአፈሩን ልብስ፣ ይኸውም የወደቀውን ቅጠልና ሽበቱን፣ ይበላዋል። ከሚነደው ቅጠል የሚወጣው ቅባት መሰል ነገርም ወደ አፈሩ ዘልቆ እንደ ሰም ይጋገራል። ማየት የፈለገ ሰው አመዱን ገለጥ አድርጎ በጣሳ ውኃ ጠብ ያድርግበት፤ ክፉኛ በተቃጠለ ቦታ ውኃው አይሰርግም፣ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። እንግዲህ የሐምሌ ዶፍ ሲወርድበት አስቡት! አመዱና ለም አፈሩ ተያይዘው ወደ ከታር ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳሉ።

በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ሲነድ ተማሪ ሳይቀር ዘምቶ፣ ከውጭ አገርም ባለሙያ መጥቶ፣ ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም ተመስገን አልን። እሳት የሚያጠፋው ዝናብ ግን አፈሩንም ጠራርጎ የሚወስደው ነው።

ምን እናድርግ? አስታ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ጉቶውን ለማገዶ አንቆፍር። የተቃጠለውን ቅርንጫፍ ዳገቱን አግድም አድርገን እንደርድረው፤ ጎርፉን ያበርደዋል። ከባዱ ሦስተኛው ነው፦ ቢያንስ የመጀመሪያውን ክረምት ከብት አይግባበት። የራሰውን አፈር ኮቴ ይፈነቅለዋል፣ ለጋውንም ቀንበጥ ከብቱ ይጨርሰዋል።

አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ጠቆረ፤ አውቃለሁ፣ እኔም በጎች አሉኝ። «ክረምቱን ምን እናብላ?» ትላላችሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ከአውድማ በኋላ ግን ስንቱ ገለባ ዝናብ ሲበላው እናያለን! ለሚቀጥለው ስብሰባ ገለባ የሚተርፈው ማን እንደሆነ፣ የሚያጥረውም ማን እንደሆነ ተመዝግቦ ይምጣ።