ምክርና ምክክር
(ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ኤች አይ ቪ መተላለፊያ መንገዶች ብዙ ስለተማራችሁ ዛሬ እሱን አልደግምላችሁም። የመጣሁት ስለ ካውንስሊንግ ልንጫወት ነው። በሥራዬ የማገኛቸው ወጣቶች፣ "እዚያ ክፍል ስንገባ ምን ይሉናል?" እያሉ ይጠይቁኛል። አንዳንዱ ቁጣ ይጠብቃል፤ ሌላው "አብዷል እንዳልባል" ብሎ ይፈራል።

እስቲ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ቫይረሱ ከተወለደች ጀምሮ በደሟ ውስጥ አለ። መድኃኒቷን ለዓመታት በሰዓቱ ስትወስድ ኖራለች። አሁን ግን ጓደኞቿ ኪኒኑን እንዳያዩባት ብላ መዝለል ጀምራለች። አንድ ቀን የነበረው ሳምንት ሆነ። መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊላመደው ይችላል። ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ምን እንላታለን? "ምን ነካሽ? ለራስሽ አታስቢም እንዴ?" የምንላት ስለምንወዳት ነው። እሷ ግን የሚሰማት ወቀሳው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠየቅ "ወስጃለሁ" ብላ ትዋሻለች።

የሠለጠነ ባለሙያ ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አማካሪው ከማዘዝና ከመፍረድ ተቆጥቦ በጥሞና እንዲያዳምጥ፣ ባለጉዳዩም መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኝ አስተምሯል። ስለዚህ አማካሪዋ ልጅቷን፣ "ኪኒኑን ለመዋጥ ስታስቢ ምን ይሰማሻል?" ትላትና ዝም ብላ ትጠብቃለች። ልጅቷ ብታለቅስም አትቸኩልባትም።

ሌላው ዘዴ በሐሳብ ላይ ይሠራል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው የአእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ ነው። ልጅቷ "ካወቁብኝ ሁሉም ይሸሹኛል" ትላለች እንበል። አማካሪዋ "ውሸት ነው" አትላትም፤ መገለል በእርግጥም አለና። ይልቅ "ሁሉም ስትዪ እነማን ናቸው? እንደዚያ ያሰኘሽ ምንድን ነው?" እያለች አብራት ትመረምራለች። እስከሚቀጥለው ቀጠሮም ጭንቀት ሲመጣባት ያሰበችውን በደብተር እንድትጽፍ የቤት ሥራ ትሰጣታለች።

የቡድን ውይይትም አለ። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ወጣቶች ክብ ሠርተው ሲነጋገሩ "እኔ ብቻ ነኝ" የሚለው ስሜት ይቀላል።

አራተኛው ችግር መፍታት ላይ ያተኩራል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ዚምባብዌ ናት። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ የጀመረው "የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር" የሚባል ሥራ አለ። የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ሰው ያነጋግራሉ። በሾና ቋንቋ ጭንቀቱን "ኩፉንጊሲሳ" ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። ሰውየው ችግሮቹን ይዘረዝራል፤ አንዱን ይመርጣል፤ ለእሱም ሊሠራ የሚችል እርምጃ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ በወንበሩ ላይ የተነጋገሩት ከ6 ወር በኋላ የጭንቀትና የድብርት ምልክታቸው ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የእኛዋ ተማሪ በዚህ መንገድ፣ "መድኃኒቱን ማንም በማያየኝ ሰዓት መውሰድ እችላለሁ ወይ?" ብላ ከሐኪሟ ጋር ልትነጋገር ትችላለች።

"ምስጢሬስ?" ትሉ ይሆናል። አማካሪ የሰማውን ለጓደኛም ሆነ ለመምህር እንዳያወራ ሙያው ያስገድደዋል። ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ሲገጥም ግን ሌላ ሰው ማሳተፍ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ገና ስትጀምሩ "ምስጢር የማይጠበቀው መቼ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ከአንዱ አማካሪ ጋር ካልተግባባችሁም ሌላ መጠየቅ ትችላላችሁ።

አባቶቻችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላሉ። የከበዳችሁ ነገር ካለ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ትምህርት ቤታችሁ የምክር አገልግሎት ካለውም በሩን አንኳኩ። ጓደኛችሁ ሊያዋያችሁ ሲጀምር ደግሞ "ተው እርሳው" ብላችሁ አታቋርጡት። አስጨርሱት፤ ከዚያም "አብሬህ ልሂድ?" በሉት።