ከንክኪ የከለልነው ተራራ ነገ በማን እጅ ይሆናል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



ከሰባት ዓመት በፊት ከሰውና ከከብት ንክኪ የከለልነው ተራራ ዛሬ ሣሩ እስከ ወገብ ደርሷል። በየክረምቱ ማሳችንን ይበላ የነበረው ጎርፍም ቀንሷል። ይህን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። በሒሳብ መዝገባችን ላይ ግን ሌላ ነገር እናያለን። የጥበቃውን ደመወዝ የሚሸፍነው የእርዳታ ውል በሚቀጥለው ዓመት ያበቃል። ተራራው ግን ውል አያውቅም፤ ጥበቃ ባጣ በአንድ በጋ ተግጦ ሊያልቅ ይችላል።

ባለፈው ክረምት የአንድ ማሳ እርሻ ወሰናችንን ጥቂት እርምጃ ገፍቶ ገባ። አቤት ስንል መጀመሪያ የተጠየቅነው «ወረቀታችሁ የት አለ?» የሚል ነበር። በእጃችን የነበረው ቃለ ጉባኤና ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ባያስማሙን ኖሮ መከራከሪያ አልነበረንም። እኛ የሒሳብ ሰዎች ደረሰኝ የሌለውን ወጪ አንቀበልም፤ ማስረጃ የሌለውን መሬትም ሕግ እንዲሁ ያየዋል።

እንደምታውቁት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ መሬቱን ገዝተን መጠበቅ አንችልም። የምንጠብቀው የይዞታ መብታችንን ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን ያውቃል። መንገዱ አለ፤ ያልሄድንበት እኛ ነን።

ከእኛ በፊት የሄዱ አሉ። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ለዘመናት በራሳቸው ደንብ ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ ተራ ገብተው ያጭዳሉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቆየውን ሥርዓት ሲያፈርሰው ጥበቃው ላላ። ሰዎቹ ግን ደንባቸውን እንደገና አቋቁመው በኋላ የክልሉን የሕግ እውቅና አገኙ። ከዚህ የምንማረው ደንብ ብቻውን፣ ሕግም ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

በወላይታ ሁምቦ ደግሞ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው ጉቶው መልሶ እንዲያቆጠቁጥ አደረጉ። የመጠቀም መብታቸው በወረቀት ስለተረጋገጠ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ ማግኘት ቻሉ። ወረቀቱ ገንዘቡን አመጣ።

አሁን ወደ ራሳችን ሒሳብ እንምጣ። ለአንድ ጥበቃ በወር 3,000 ብር ብንከፍል በዓመት 36,000 ብር ነው። ይህን በ7 በመቶ የባንክ ወለድ ብቻ ለመሸፈን ወደ 515,000 ብር መቀመጥ አለበት። እሱም ቢሆን የዋጋ ንረቱ ከወለዱ ሲበልጥ ከዓመት ዓመት ይሟሽሻል፤ ደመወዙም ባለበት አይቆምም። ስለዚህ በወለድ ብቻ አንመካም፤ ተራራው ራሱ ለራሱ ማዋጣት አለበት።

በዚህ መሠረት አራት ነገሮች እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ወሰኑ ተለክቶ የይዞታ ማረጋገጫው በማኅበሩ ስም እንዲወጣ፤ በሊቀመንበሯም ሆነ በማናችንም ስም እንዳይሆን።

ሁለተኛ፣ የመሬቱ አገልግሎት ያለ አባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዳይለወጥ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲጻፍ።

ሦስተኛ፣ ከሣርና ከማር ሽያጭ ሩብ የሚሆነው በሦስት ፈራሚ በሚንቀሳቀስ የተለየ ሒሳብ እንዲገባ፤ ለጥበቃና ለእርከን ጥገና ካልሆነ እንዳይነካ።

አራተኛ፣ ይህ ሒሳብ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ለአባላትና ለደጋፊዎች እንዲነበብ።

ሣሩ በጎደለበት ዓመት ከራሳችን ማዋጣት ሊያስፈልግ ነው፤ ይህን አሁኑኑ ማወቅ አለብን። ክቡራን ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ለችግኝ የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ለጠባቂው የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። ከምትሰጡን ላይ የተወሰነው በዚህ ሒሳብ እንዲቀመጥ ፍቀዱልን።

እናቶቻችን ይህን ተራራ ሲከልሉ የራሳቸውን ግጦሽ ነው የተዉት። የሰጡት በወረቀት ተጽፎ እንዲቆይ ዛሬ እጃችሁን አንሡ።