ስልክ የሚያነሣው ድምፅ የተቋሙ ቃል ነው
(ለሰበካ ጉባኤ የልማት ክፍል ኃላፊዎችና ለተቋማት ጸሐፊዎች ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ይኸውም በትምህርት ቤት፣ በክሊኒክ፣ በዳቦ ቤት ወይም በሚከራይ አዳራሽ ስልክ ላይ ሰው በማይኖርበት ጊዜ ለደዋይ መልስ የሚሰጠውን የተቀዳ ድምፅ ስለ ማዘጋጀት ነው። አውቶማቲክ መልስ ሰጪ ያስገቡ ተቋማት አሉ፤ ሊያስገቡ ያሰቡም አሉ። መሣሪያውን የሚተክለው ባለሙያ ነው፤ በመሣሪያው ውስጥ የሚነገረውን ቃል ግን የምናዘጋጀው እኛ ነን።

የተቀዳ ድምፅ ለሕዝባችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ያስጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት አርሶ አደሩ ቁጥር እየተጫነ ስለ ሰብሉ የተቀዳ ምክር በቋንቋው እንዲሰማ አድርጓል። ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር፣ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈን ማስታወቂያ ማንበብ የማይችል ሰው በጆሮው ሰምቶ ጉዳዩን ሊፈጽም እንደሚችል ነው። ድምፁ ግልጽ ካልሆነ ግን ይኸው ሰው ሌላ አማራጭ የለውም።

በቅድሚያ ልናስበው የሚገባው የደዋዩን ኪስ ነው። መልስ ሰጪው መሣሪያ ስልኩን ካነሣበት ቅጽበት ጀምሮ በመደበኛ መስመር የሚደውል ሰው ሂሳብ ይቆጠርበታል። አንዲት እናት በጥቂት ብር የአየር ሰዓት ደውላ ክሊኒኩ ቅዳሜ ክፍት መሆኑን ልትጠይቅ ብትፈልግ፣ እኛም ረጅም ሙዚቃና የተቋሙን ታሪክ ብናሰማት፣ መልሱን ሳታገኝ ሂሳቧ ያልቃል። ስለዚህ መልእክቱ ከግማሽ ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው። በደብዳቤ ራስጌ ላይ ከሀገረ ስብከት ጀምሮ እስከ ልማት ክፍል የሚዘረዘረው ሙሉ ስም ለወረቀት ተገቢ ነው፤ በስልክ ግን ሰው ተቋሙን የሚጠራበት አጭር ስም ይበቃል።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ጤና ይስጥልን። የደወሉት ወደ ደብሩ ክሊኒክ ነው። አሁን በሥራ ላይ አይደለንም። የምንሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከድምፁ በኋላ ስምዎን፣ ስልክ ቁጥርዎንና ጉዳይዎን ይንገሩን። በቀጣዩ የሥራ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ መልሰን እንደውላለን።» በዚህ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ፤ የት እንደ ደወለ፣ መቼ ሰው እንደሚያገኝ፣ አሁን ምን ማድረግ እንዳለበት፣ መልስ መቼ እንደሚደርሰው። «በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር» የሚለውም ያለ ምክንያት አልገባም። ከባሕር ማዶ የሚደውል ወገናችን «ሦስት ሰዓት» ሲባል እንደሚኖርበት ሀገር አቆጣጠር ሊረዳው ይችላል።

የቁጥር ምርጫ የሚሰጥ ከሆነ ጉዳዩ ይቅደም፤ ቁጥሩ ይከተል። «ለተማሪዎች ምዝገባ፣ አንድን ይጫኑ» የሚለው የአማርኛችን ተፈጥሯዊ ሥርዓት ነው። «አንድን ከተጫኑ ወደ ምዝገባ ክፍል ይገባሉ» ሲባል ግን ሰሚው ጉዳዩን እስኪሰማ ድረስ ቁጥሩን ይረሳዋል።

ወደ ቀረጻው እንምጣ። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። የሰው ጆሮ ግን እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ሊሰማ ይችላል። በዚህ ምክንያት እንደ ሰ፣ ሸ እና ፈ ያሉት ድምፆች በስልክ ሲያልፉ መለያቸው ይደበዝዛል፤ «ሰባት» የተባለው «ሰባ» መስሎ ሊሰማ ይችላል። ስልክ ቁጥር በመልእክቱ ውስጥ የሚገባ ከሆነ እያንዳንዱን አኃዝ ለየብቻ፣ ረጋ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ማንበብ ይገባል።

ለቀረጻ ስቱዲዮ መከራየት ግድ አይደለም። ምንጣፍ፣ መጋረጃና መጻሕፍት ያሉበት ትንሽ ክፍል ይበቃል፤ ባዶ አዳራሽ ድምፅ ያስተጋባል። በግድግዳው ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል ይረዳል። ዝናብ ቆርቆሮ በሚመታበት ወይም ጄኔሬተር በሚሠራበት ሰዓት አይቀረጽ። መቅረጫው ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ይቀመጥ፤ ፐን እና ተን የመሳሰሉ ፊደላት ሲነገሩ የሚወጣው ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው። አንባቢው ማዕረግ ያለው ሰው እንዲሆን አያስፈልግም፤ ጥርት አድርጎ የሚናገርና መልእክቱ ሲለወጥ እንደገና ሊቀርጽ የሚችል ሰው ይመረጥ።

የተቀረጸው ዋና ቅጂ በጥራት ተቀምጦ፣ ለመሣሪያው የሚሰጠው ቅጂ በመመሪያው መሠረት ይለወጥ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚቀበሉት በሰከንድ 8,000 ናሙና ያለውን ባለ አንድ መስመር ድምፅ ነው። በቴሌግራም ለባለሙያው ሲላክ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ ጥራቱ በመንገድ ላይ ይቀንሳል። ከንግግሩ ሥር መዝሙርም ሆነ በገና አይግባ። የስልክ መስመር ዜማን ያበላሻል፤ ቃሉንም ይሸፍነዋል። ከዚህም በላይ የሌላውን ሰው የተቀረጸ ዜማ ያለ ፈቃድ መጠቀም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘንድ ያስጠይቃል።

ሥራው ተጠናቀቀ ከመባሉ በፊት በተራ የእጅ ስልክ፣ ጫጫታ ባለበት ገበያ ሆነን ደውለን እንስማው። መልእክቱን ከዚህ በፊት ያልሰሙ አንድ አረጋዊም ያዳምጡና የተረዱትን ይንገሩን። እርሳቸው ያልገባቸው ቃል ካለ መለወጥ ያለበት ቃሉ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከቀረጻው በኋላ የሚመጣው ነው። ለፋሲካ «ዝግ ነን» ያለ መልእክት እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ሳይነሣ ከቆየ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ተገልጋይ ይመለሳል። «መልሰን እንደውላለን» ብለን ካልደወልን ደግሞ ደዋዩ ያጣው መልሱን ብቻ አይደለም፤ በተቋሙ ላይ የነበረውን እምነትም ያጣል። ልጇ ታሞባት ማታ ደውላ ጉዳይዋን በመሣሪያ ላይ የተናገረች እናት፣ አንድ ሰው ይሰማኛል ብላ ነው የተናገረችው። መልእክቶቹን በየጠዋቱ የሚያዳምጥ ሰው በስም ይመደብ፤ እርሱ በሌለበት ቀን የሚተካውም ይታወቅ። በመዝገብ ላይ የደወለው ሰው ስም፣ ሰዓቱ፣ ጉዳዩ፣ ማን መልሶ እንደ ደወለለትና ምን እንደ ተወሰነ ይጻፍ። ኮሚቴውም መዝገቡን በየሳምንቱ ይመልከት። ይህን የሚሠራ ሰው ማግኘት ያልቻለ ተቋም የሥራ ሰዓቱን ብቻ ተናግሮ ቢያበቃ ይሻለዋል፤ የማይሰማውን መልእክት አይቀበል።

ስለዚህ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ አስቀድማችሁ ወደ ራሳችሁ ተቋም ደውሉ፤ ደዋይ የሚሰማውን ስሙ። ከዚያም «ይህን ቃል የሚፈጽመው ማን ነው?» ብላችሁ በጉባኤ ጠይቁ። መልሱ በቃለ ጉባኤ ከሰፈረ በኋላ ቀረጻው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።