ስለ ኮምፒዩተር መግቢያ ምስጢር መለወጥ

በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር ይሠሩ ነበርና፥ ያንዱን ጽሑፍ ሌላው እንዳይነካበት ለእያንዳንዱ የምስጢር ቃል ተሰጠው። በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 ግን በዚህ ቃል ፈንታ ፒን የሚባለውን የቁጥር ምስጢር አስለመደ። ቁጥሩ አጭር ነውና የሚንቀው ብዙ ነው። ነገር ግን ፒን የሚያገለግለው ለተመዘገበበት ኮምፒዩተር ብቻ ስለ ሆነ፥ ሌባ ቢሰማው እንኳ ኮምፒዩተሩን ካልያዘ አይረባውም፤ የምስጢር ቃሉን የሰረቀ ግን በሩቅ አገር ተቀምጦ የባለቤቱን ደብዳቤ ሊከፍት ይችላል። መለወጥ የሚሻ በቅንብሮች ውስጥ መለያዎች ከሚለው ገብቶ የመግቢያውን አማራጭ ይከፍታል፤ ፒን ከማቆሙም በፊት የምስጢር ቃሉን ይጠየቃል። ዳሩ ግን የተማሪዎች ማርክ በተመዘገበበት ኮምፒዩተር መምህራን ሁሉ በአንድ ስም የሚገቡ ከሆነ፥ ፒኑ ቢለወጥም ማርኩን የፋቀው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም።