በሩን ዘግተን የት እንደርሳለን?

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለበራሪ ጽሑፍ የተዘጋጀ)

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 10፥25-37

 

መጽሐፍ ቅዱስ በአጠገባችሁ ካለ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 10 ክፈቱ። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች አገኙት፤ ገፈፉት፣ ደበደቡት፣ በሞትና በሕይወት መካከል ጥለውት ሄዱ። ካህኑ አየውና አለፈ። ሌዋዊውም አየውና አለፈ። ሳምራዊው ግን ቆመ።

ስለ ካህኑ ብዙ ሰብከናል። ስለ ሳምራዊውም ሰብከናል። ስለ ወንበዴዎቹ ግን አስበን እናውቃለን? እነርሱስ የማን ልጆች ነበሩ? በማግስቱስ የት ዋሉ? መንገዱ እኮ እዚያው ነው! ነገም ሌላ መንገደኛ ይወርድበታል። የቆሰለውን ማንሳት ግዴታችን ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚቆስልበትን መንገድስ ማን ይሂድበት?

ይህን ስል ጣቴን ወደ ሌላ ሰው መቀሰሬ አይደለም። ከዓመታት በፊት ባገለገልሁባት አንዲት አጥቢያ፣ በአጥራችን ሥር ማታ ማታ የሚሰበሰቡ ጎረምሶች ነበሩ። ይቅማሉ፣ ይሳደባሉ፣ አንዳንዴም የመንገደኛ ሞባይል ይነጥቃሉ። ምእመናን ፈሩ። እኛ ሽማግሌዎችም ተሰብስበን ወሰንን፦ አጥሩ ከፍ ይበል፣ ዘበኛ ይጨመር፣ የማታው ጸሎት ወደ ቀን ይዛወር። ስለ ልጆቹም ጸለይን። አዎ፣ ጸልየናል! ነገር ግን ከመካከላችን የአንዱን ልጅ ስም እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። የአንደኛውን ስም ያወቅሁት ለቅሶ ቤት ነው። ከሌላ ሰፈር ልጆች ጋር ተጣልተው በጩቤ ተወግቶ ሞተ። እናቱ እጄን ይዛ፣ «ፓስተር፣ ልጄ እኮ ሁልጊዜ እናንተ ደጅ ነበር» አለችኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ወገኖቼ፣ እስቲ አሁን በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። ስለ ቦስተን የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ክራክ የሚባለው የኮኬይን ዓይነት ወደ ከተማዋ ገባ። ዶርቸስተር፣ ሮክስበሪና ማታፓን በሚባሉት ሰፈሮች ወጣቶች በቡድን በቡድን ሆነው ጠመንጃና ሽጉጥ ይማዘዙ ጀመር። በ1990 ብቻ በዚያች ከተማ 152 ሰዎች ተገደሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ነበሩ።

ፖሊስ ምን አደረገ? መጀመሪያ ያደረገው ጥቁር ወጣት ባየበት ሁሉ እያስቆመ መፈተሽ ነበር። በጥቅምት 1989 ቻርልስ ስቱዋርት የሚባል ነጭ ሰው፣ «አንድ ጥቁር ሰው እርጉዝ ሚስቴን ገደለብኝ» ብሎ ከሰሰ። ፖሊሶች ሚሽን ሂል የተባለውን ሰፈር አገላበጡት። ወጣቶችን በየመንገዱ አቁመው ፈተሹ፣ አዋረዱ። በኋላ እውነቱ ሲወጣ ገዳዩ ራሱ ባልየው ሆኖ ተገኘ! ከዚያ በኋላ የትኛዋ እናት ፖሊስን ታምናለች? ገዳዩን ብታውቅስ ስሙን ትናገራለች? ሰፈሩ አፉን ዘጋ። ሰፈሩ አፉን ሲዘጋ ደግሞ ገዳይ እንደ ልቡ ይሄዳል።

ቤተ ክርስቲያንስ ምን አደረገች? እውነቱን እንናገር፤ አብዛኞቹ በራቸውን ዘጉ። እሑድ ዘመሩ፣ ሰኞ ቆለፉ። እኛ እንዳደረግነው ማለት ነው።

በግንቦት 1992 ግን ነገሩ ደጅ ሰብሮ ገባ። ማታፓን ውስጥ በምትገኘው የሞርኒንግ ስታር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የአንድ የተገደለ ወጣት የቀብር ሥነ ሥርዓት እየተካሄደ ነበር። በዚያው መካከል የቡድን አባላት ጥሰው ገቡና በለቀስተኛው ፊት ሌላ ወጣት ደብድበው በጩቤ ወጉ። አስከሬን ባለበት፣ እናቶች በሚያለቅሱበት፣ መዝሙር በሚዘመርበት ቦታ!

ያን ጊዜ አገልጋዮቹ ነቁ። ቤተ ክርስቲያን ወደ ጎዳናው ካልወጣች ጎዳናው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ አዩ። ዩጂን ሪቨርስ፣ ጄፍሪ ብራውን፣ ሬይ ሃሞንድ የሚባሉ ፓስተሮች ከሌሎች ጋር ሆነው «ቴንፖይንት ኮአሊሽን» የተባለውን ኅብረት መሠረቱ። ስሙ የመጣው አብያተ ክርስቲያናት ሊያደርጓቸው ከሚገቡ 10 ነጥቦች ነው። ከዚያ ምን አደረጉ? ዓርብ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ በሩን በሚቆልፍበት ሰዓት፣ ወጥተው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ወጣቶቹ መጀመሪያ ዝም ብለው አዩአቸው። «እነዚህ ደግሞ አንድ ቀን ታይተው፣ ፎቶ ተነሥተው የሚሄዱ ናቸው» ብለው ጠረጠሩ። ሰዎቹ ግን በሚቀጥለው ሳምንት መጡ። በሚቀጥለውም መጡ። በብርድም መጡ። ከዚያ በኋላ ወሬ ተጀመረ።

ልብ በሉ፣ አገልጋዮቹ መጀመሪያ አልሰበኩም፤ ሰሙ። የሰሙትም ነገር አስደነገጣቸው። ጨካኝ የመሰሏቸው ልጆች አብዛኞቹ ፈሪዎች ነበሩ። መሣሪያ የያዙት ሌላው መሣሪያ ስለያዘ ነው። ሪቨርስን አንድ የዕፅ ነጋዴ የነገራቸው ነገር ደግሞ በአሜሪካ በሰፊው የታወቀ ነው። ልጅ ከቤት ሲወጣና ሲገባ መንገድ ላይ የሚያገኘው እኔን ነው፣ እናንተን አይደለም፤ ስለዚህ እኔ አሸንፋለሁ፣ እናንተ ትሸነፋላችሁ የሚል ነበር። እንዴ! ከዚህ የበለጠ ስብከት ከየት ይምጣ? ሰይጣን እንኳ በሥራ ሰዓቱ ይገኛል፤ እኛ የት ነን?

ሁለተኛው ነገር ከፖሊስ ጋር የነበረው ጠብ ነው። ሪቨርስ ፖሊስን በመንቀፍ የታወቁ ሰው ነበሩ። ነገር ግን አገልጋዮቹና ጥቂት ቅን ፖሊሶች ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። አገልጋዮቹ እንዲህ ያለ አቋም ያዙ፦ ልጆቻችንን በጅምላ አትደብድቡ፣ አታዋርዱ፤ ብታደርጉት በአደባባይ እንቃወማችኋለን። ነገር ግን እየገደሉ ሰፈሩን ያስጨነቁትን ጥቂቶች በሕግ ስትይዙ ከእናንተ ጋር እንቆማለን። ፖሊሶችም በበኩላቸው መንገዳቸውን ቀየሩ። ከ1992 መጨረሻ ጀምሮ፣ በገደብ የተለቀቁ ወጣቶችን የሚከታተሉ የፍርድ ቤት ሠራተኞችና ፖሊሶች አብረው ማታ ማታ ቤት ለቤት ይሄዱ ጀመር። ልጁ በሰዓቱ ገብቷል ወይ? ብለው ወላጆቹን ይጠይቃሉ፣ ያነጋግራሉ።

ከሃርቫርድ የመጡ ተመራማሪዎችም፣ ዴቪድ ኬኔዲና ባልደረቦቹ፣ ሰፈሩን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው ቆጠሩ። ያገኙት 61 ቡድኖችን ነው፤ አባላቱም 1,300 ገደማ ነበሩ። በከተማዋ ካሉት እኩዮቻቸው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም! ሆኖም ከወጣቶች ግድያ ቢያንስ 60 ከመቶው ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ነበር። አያችሁ? ሰፈሩ ሁሉ ወንጀለኛ አልነበረም። ጥቂቶች ነበሩ፤ ስማቸውም ይታወቅ ነበር። ስም ከታወቀ ደግሞ መጥራት ይቻላል።

ጠሯቸውም። በ1996 «ተኩስ አቁም» የተባለው ሥራ ሲጀመር የቡድን አባላትን ወደ ፍርድ ቤት አዳራሽ ጠርተው ፊት ለፊት አነጋገሯቸው። በአንድ ወገን ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ቆመዋል። በሌላ ወገን የጎዳና ሠራተኞችና አገልጋዮች አሉ። የተነገራቸውም ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፦ ግድያው ይቁም፤ ከእናንተ አንዱ ቢገድል መላው ቡድን በሕግ ይጠየቅበታል፣ አንዲትም ጥፋት አትታለፍም። ሁለተኛው፦ መውጣት ለሚፈልግ በሩ ክፍት ነው፤ ሥራ፣ ትምህርት፣ የሚሰማ ሰው አለ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ኃይሉ ያለው ሁለቱ ቃሎች አንድ ላይ በመነገራቸው ነው። ፍቅር ያለ እውነት ልጁን ያሞላቅቀዋል። እውነት ያለ ፍቅር ደግሞ ልጁን ይሰብረዋል። ጌታችን ጸጋንና እውነትን ለያይቶ አላመጣልንም።

ውጤቱስ? ተመራማሪዎቹ ከ«ተኩስ አቁም» በኋላ የወጣቶች ግድያ በወር በአማካይ 63 ከመቶ እንደቀነሰ ጻፉ። በ1990 የነበረው 152 ግድያ በ1999 ወደ 31 ወረደ። በዚያው ዘመን በሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም ግድያ ቀንሶ ነበርና ሁሉም በዚህ ሥራ ብቻ ሆነ አንልም። ግን ለ31ዱ እያለቀስን፣ ሳይቀበሩ ለቀሩት እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

አሁን የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ስሙ፤ ይህን ብዙ ሰው አይናገረውም። ከ2000 በኋላ ሥራው ላላ። ምስጋናው በዛ፤ ምስጋናው ሲበዛ መሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተቃቃሩ። ፖሊሶቹም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። የሌሊቱ ጉዞ ቀዘቀዘ። ግድያውም ተመልሶ ጨመረ! ከተማዋ «ተኩስ አቁም»ን እንደገና ያነሣችው በ2007 ነው።

እንግዲህ ወደ ሳምራዊው እንመለስ። ሳምራዊው ብቻውን አልሠራም። ቁስሉን አጠበ፣ በአህያው ጫነው፣ ከዚያም ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አደራ ሰጠ፣ ከኪሱም ከፈለ። እኛም ብቻችንን አንችልም፤ ፖሊስም፣ ትምህርት ቤትም፣ ዕድርም የየድርሻቸው አላቸው። ግን ሳምራዊው አንድ ሌላ ነገር ጨመረ፦ እንደሚመለስ ቃል ገባ። ብዙዎቻችን ዘይቱን እናፈሳለን፤ መመለሱን እንረሳለን። ልጅ የሚድነው አንድ ቀን በመጣ ሰው አይደለም፤ ተመልሶ በሚመጣ ሰው ነው።

ይህ የቦስተን ብቻ ነገር አይደለም። በአገራችንም «ዱርዬ» እና «ቦዘኔ» የሚሉ ቃሎች አሉን። «አደገኛ ቦዘኔ» የሚለውማ በ1996 ዓ.ም. በአገራችን በአዋጅ ሳይቀር ገባ። ሕግ ያስፈልጋል። ነገር ግን ልጅን «ቦዘኔ» ብለን ከጠራነው በኋላ የእናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራው ማን ነው?

በውጭ አገር ያላችሁ ወላጆች፣ ሁለት ሥራ እየሠራችሁ፣ ሌሊት እየነዳችሁ እንደምታሳድጉ እናውቃለን። ግን ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ማን እንደሚያገኘው ታውቃላችሁ? የጓደኞቹን ስም ታውቃላችሁ? ዛሬ ማታ ጠይቁት። ሳትቆጡ ጠይቁት።

የፖሊስ ሥራ የምትሠራ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሮሜ 13 ሥልጣንህን ለመልካም የተሰጠ አገልግሎት ይለዋል። ስታስቆመው የምታዋርደው ልጅ ነገ ምስክር ሊሆንህ የሚችል ልጅ ነው።

የአጥቢያ ሽማግሌዎች፣ አጥሩን አፍርሱ አልልም። ግን በሩን ከፍታችሁ ውጡ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ፤ የአንድ ልጅ ስም ይዛችሁ ተመለሱ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያ ስም ጥሩት።

አንተስ፣ በዚህ ሰዓት ይህን የምትሰማ ወይም ይህ ወረቀት በእጅህ የገባ ወጣት? ምናልባት በወገብህ ስለት አለ። ምናልባትም የደም ዕዳ አለብህ ብለው ጓደኞችህ እየገፉህ ነው። ስማኝ፣ ልጄ። በመስቀል ላይ ከጌታ ጎን የተሰቀለው ወንበዴ ነበር። ጌታ ግን አላለፈውም፤ በዚያችው ቀን በገነት ከእርሱ ጋር እንደሚሆን ነገረው። ላጠፋኸው በሕግ ትጠየቅ ይሆናል፤ ያ ወንበዴም ከመስቀሉ አልወረደም። ግን ብቻህን አልሞተም፣ አንተም ብቻህን አትሆንም። ዛሬ ማታ አትውጣ። ወደምታምነው ሰው ሂድ። ወደ ክርስቶስ ና።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ አይተን ያለፍንባቸውን ቀኖች ይቅር በለን። በደጃችን ተቀምጦ ስሙን ሳናውቅ ስለሞተው ልጅ ይቅር በለን። ለወላጆች ማስተዋልን፣ ለሕግ አስከባሪዎች ቅንነትን፣ ለአገልጋዮችህ ድፍረትን ስጥ። የጀመርነውን እንዳንተው፣ ሄደን እንድንመለስ ጸጋህ ያግዘን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

(ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ አይጣሉት፤ በሰፈርዎ ላለ አንድ ወጣት በእጁ ይስጡት። ስሙንም ይጠይቁት።)