ስለ ኢዮቤልዩ እውነተኛ አከባበር
(በደብራችን በዓለ ኢዮቤልዩ ለምእመናን የተነገረ)



ድንጋይ ተሸክመው፥ ውኃ ቀድተው፥ ከጉድለታቸው ቀንሰው ይህችን ቤተ ክርስቲያን ለሠሩልን ለቀደሙት አባቶችና እናቶች እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። እኔ የቅኔ ሊቅ ወይም የመጻሕፍት መምህር አይደለሁም፤ በመልካሳ አፈር ላይ ሽንኩርትና በቆሎ እየዘራሁ፥ እህልም እየነገድሁ የሸመገልሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምናገረው በማውቀው በእርሻና በገበያ ነገር ይሆናል።

ኢዮቤልዩ የሚባለው ከየት እንደ መጣ አባቶቻችን አስተምረውናል። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ 50ኛው ዓመት ይቀደስ ነበር። ቀንደ መለከት ይነፋል፤ በችግር ምክንያት የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ድህነት ያስገደደውና ራሱን የሸጠው እስራኤላዊም ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኖቹ ይሄዳል። እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ ኢዮቤልዩ ከግብዣ አስቀድሞ የያዙትን የመልቀቅ ዓመት ነበር። በዛሬው ቀንም እያንዳንዳችን «በእጄ የቀረ የሌላ ሰው ገንዘብ ምንድር ነው?» ብለን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል።

ሌላውን ከመምከሬ በፊት የራሴን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት፥ በዐቢይ ጾም ወራት፥ ሽንኩርት የሚነቅሉልኝ ከሩቅ አገር የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩኝ። ቅዳሜ ማታ ሒሳባቸውን ሲጠይቁኝ፥ ገንዘቡ በኪሴ ሳለ «ሰኞ ኑ» ብዬ አሰናበትኋቸው። በነጋታው የሰንበቴ ተረኛ ስለ ነበርሁ ድግሱ እንዳይጐድልብኝ ሠጋሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለነዳያን ዳቦ ሳድል፥ ከሠራተኞቼ አንዱ፥ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ፥ ከእነርሱ ጋራ ተሰልፎ አገኘሁት። ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀብሎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ ጌታዬ፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስንም» አለኝ። ከዚያም መረቀኝ።

በላቡ የተገዛውን ዳቦ እንደ ምጽዋት ሰጠሁት፤ እርሱም መርቆ ተቀበለኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። በዚያው ሰዓት ጓደኞቹን አስጠርቼ የሁሉንም ከፈልሁ፤ የዚያችን ሌሊት ረኃብ ግን ልመልስላቸው አልቻልሁም። ያው ኦሪት የሠራተኛ ደመወዝ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ያዛል፤ ይህንም ሲነበብ ብዙ ጊዜ ሰምቼው ነበር። እኔ ወድጄ ስጾም፥ እነርሱን ሳይወዱ አስጾምኋቸው።

በዚህ አንጻር የወይዘሮ አበበች ጎበናን ነገር አስታውሳለሁ። እኒህ እናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሄዱ። በዚያ ወራት አገሩን ጽኑ ረኃብ ይዞት ነበር። የያዙትን ዳቦና ጸበል ለተራቡት አካፈሉ፤ ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ስለ እነርሱም ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን ለቀቁ። በ2013 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ በእርሳቸው ቤት ያደጉ ብዙዎች እናታችን ብለው አለቀሱላቸው። ለብዙዎቻችን መንገዱ ከተሳለምን በኋላ ያበቃል፤ ለእርሳቸው ግን ከዚያ ጀመረ።

ሁላችን ያን ያህል አንጠየቅም ይሆናል። በመልካሳ የምንጠየቀው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ስለ ሆነም ሳናስበው እናልፈዋለን። አዋሽ ለሁላችን የተሰጠ ወንዝ ነው፤ ይሁን እንጂ በሌሊት ቦዩን ወደ ራሱ እርሻ የሚመልስ ሰው፥ ከታች ያለውን የጎረቤቱን ቡቃያ እያደረቀ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 በአገራችን የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ማዕከል ለቆላው የሚስማማ ቦሎቄና በቆሎ እንዲገኝ ብዙ ደክሟል፤ ተራውን እህል «ምርጥ ዘር ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ግን የዚያን ድካምና የገበሬውን ዓመት በአንድ ቀን ይሰርቃል። የሚዛኑን ሰሐን በጣቱ የሚጫን፥ የቤት ሠራተኛውን ልጅ ሰንበት የሚያሳጣ፥ የሙት ልጆችን ድንበር የሚገፋ፥ ሁሉም በእጁ የቀረ የሰው ገንዘብ አለበት። ተበዳዩም ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፥ የአገር ልጅ ይሁን መንገደኛ፥ ዕዳው ያው ዕዳ ነው።

አንዳንዱ «በሠራሁት ኃጢአት ፈንታ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ እሰጣለሁ» ይላል። መስጠቱ መልካም ነው፤ ሆኖም የድኻው ገንዘብ ለድኻው ይመለስ እንጂ መጋረጃ አይሁን። የንስሐ አባቶቻችንም የሚመክሩን ይህንኑ ነው።

ስለዚህ፥ ወገኖቼ ሆይ፥ አንድ ልመና አለኝ። ይህ ሳምንት ሳያልፍ እያንዳንዳችን አንድ የያዝነውን እንልቀቅ። ደመወዝ የያዘ ይክፈል፤ ድንበር የገፋ ይመልስ፤ የተጣላ ይታረቅ፤ ከድኻ ዕዳ የሚጠይቅም ከቻለ ይማር። ማንም አይወቅብን፤ ስማችንም በመዝገብ አይጻፍ። ያን ጊዜ የደብራችን ደወል ሲደወል፥ በእርሻ ውስጥ ያለው የቀን ሠራተኛ ሰምቶ «ዛሬ ገንዘቤን አገኛለሁ» ብሎ ደስ ይለዋል።

ያን ልጅ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ካለበት አገር ይድረሰውና፥ እግዚአብሔር እንጀራውን ያብዛለት፤ እኛንም የሰውን የማንይዝ ያድርገን። ለዘለዓለሙ፤ አሜን።